ልጅዎ በትምህርት ቤት የመናገር መብቱ እስከ የት ነው? በአሜሪካ ለሚኖሩ ሙስሊም ወላጆች ማብራሪያ



እንበል፣ ሥራ ላይ እያሉ ስልክዎ ጠራ። የደወሉት ከልጅዎ ትምህርት ቤት ነው። ልጅዎ የፍልስጤም ባንዲራ ያለበት ባጅ ደረቱ ላይ አድርጎ መጥቷል፤ «አውልቅ» ሲባል እምቢ ብሏል፤ ስለዚህ ለሦስት ቀን ከትምህርት ታግዷል፤ መጥተው ይውሰዱት ተባሉ። ከሥራ አስፈቅደው ሲደርሱ ልጅዎ ቢሮ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አንድ ገጽ ወረቀት ቀረበልዎትና «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ተባሉ። በዚያች ደቂቃ ምን ያደርጋሉ?

አብዛኞቻችን ያደግነው «ወላጅ ይዘህ ና» በሚባልበት ሥርዓት ውስጥ ነው። ወላጅ ሲጠራ የሚሄደው ስለጉዳዩ ለመጠየቅ ሳይሆን ይቅርታ ለመለመን ነበር። ልጁ ምን አጠፋ ብሎ የሚያጣራም ጥቂት ነው። ያንን ልማድ ይዘን ባሕር ተሻገርን። መምህርን ማክበር ዲናችን ያስተማረን አደብ ነውና ልንተወው አይገባም። ግን ሳያነቡ መፈረም አክብሮት አይደለም።

በሌላ በኩል «አሜሪካ ነጻ አገር ነው፤ ልጄ የፈለገውን መናገር ይችላል» ብለው የሚያስቡም አሉ። ይህም ስህተት ነው። ሕጉ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ልጅዎ በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ የራሱ አቋም የመያዝና የመግለጽ መብት አለው፤ መብቱ ግን ድንበር አለው። ወላጅ ከሁሉ በላይ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ቢኖር ልጁ የተቀጣው ባደረገው ድርጊት ነው ወይስ በያዘው አቋም የሚለውን መለየት ነው። ቀጥሎ የምናብራራው ይህንኑ ነው።

መብቱ ከየት መጣ?

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ (ፈርስት አሜንድመንት) የመናገርና የሃይማኖት ነጻነትን ይጠብቃል። ይህ ሕግ የሚያስረው መንግሥትን ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት (ፐብሊክ ስኩል) የመንግሥት አካል ስለሆነ ይገዛበታል። የግል ትምህርት ቤት ግን፣ የኛን ኢስላማዊ ትምህርት ቤቶች ጨምሮ፣ በዚህ ማሻሻያ አይታሰርም፤ እዚያ የሚሠራው ሲመዘገቡ የፈረሙት ውልና የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው።

መብቱ በወረቀት ላይ ስለሰፈረ ብቻ በክፍል ውስጥ አልተከበረም። ልጆችና ወላጆቻቸው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ያስከበሩት ነው። ከመጀመሪያዎቹ መካከልም የአናሳ ሃይማኖት ተከታዮች ይገኙበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በዌስት ቨርጂኒያ ተማሪዎች በሙሉ ለባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጡ ይገደዱ ነበር። የጆሆቫ ምስክሮች ልጆች እምነታችን አይፈቅድም በማለታቸው ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1943 እ.ኤ.አ. በ6 ለ3 ድምፅ ልጆቹን ደገፈ፤ መንግሥት ማንንም ዜጋ ያላመነበትን ነገር እንዲናገር ማስገደድ አይችልም አለ። አገሪቱ ጦርነት ላይ በነበረችበት ሰዓት የተሰጠ ፍርድ መሆኑን ልብ ይሏል። ዛሬም ልጅዎ የባንዲራውን ቃል ኪዳን አልልም ብሎ ሌላውን ሳይረብሽ ቢቀመጥ በዚህ ምክንያት ሊቀጣ አይገባም።

ሁለተኛውና ትልቁ ጉዳይ የተጀመረው በአዮዋ ግዛት በዴ ሞይን ከተማ ነው። በታኅሣሥ 1965 እ.ኤ.አ. ጥቂት ተማሪዎች በቬትናም ጦርነት ለሞቱት ሐዘናቸውን ለመግለጽና ተኩስ እንዲቆም ለመጠየቅ ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስረው ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ ተስማሙ። ከነዚህ አንዷ ሜሪ ቤት ቲንከር የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ርዕሰ መምህራኑ ቀድመው ሰሙና ጥቁር ጨርቅ የሚከለክል ደንብ በፍጥነት አወጡ። ልጆቹ ጨርቁን አስረው ሄዱ፤ ታገዱም። ቤተሰቦቻቸው ከሰሱ፤ በታችኞቹ ፍርድ ቤቶችም ተሸነፉ። ከሦስት ዓመት በላይ ከተጓዘ በኋላ፣ በየካቲት 1969 እ.ኤ.አ.፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ7 ለ2 ድምፅ ፈረደላቸው። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ኤብ ፎርታስ ናቸው። የፍርዱ ፍሬ ሐሳብ ተማሪ የትምህርት ቤቱን በር ሲያልፍ መብቱን ውጭ ጥሎ አይገባም የሚል ነው።

«ረብሻ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን መለኪያ አስቀምጧል። ትምህርት ቤት የተማሪን ንግግር ወይም ምልክት ሊከለክል የሚችለው ትምህርትን በከባድ ሁኔታ የሚያውክ ከሆነ፣ እንደሚያውክ በተጨባጭ ማስረጃ መገመት ከተቻለ፣ ወይም የሌሎችን ተማሪዎች መብት የሚጋፋ ከሆነ ነው። «ሊረብሽ ይችላል ብለን ፈራን» ማለት ብቻውን አይበቃም። «አንዳንድ ተማሪዎች ደስ አላላቸውም» ማለትም አይበቃም።

በዚያ ፍርድ ውስጥ ሌላም ለኛ የሚጠቅም ነጥብ አለ። የዴ ሞይን ትምህርት ቤቶች ሌሎች ምልክቶችን አይከለክሉም ነበር። የምርጫ ቅስቀሳ ባጅ ያደረጉ ነበሩ፤ የናዚዎች ምልክት ተደርጎ የሚታየውን የብረት መስቀል ያደረጉም ነበሩ። የተከለከለው ጦርነቱን የሚቃወመው ጥቁር ጨርቅ ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህን አድልዎ በግልጽ ነቅሶ አውጥቶታል።

አሁን ወደ ልጅዎ ባጅ እንመለስ። መጠየቅ ያለበት፣ ልጁ ባጁን አድርጎ ሲገባ በክፍል ውስጥ ምን ሆነ? ትምህርት ተቋረጠ? ጸብ ተነሣ? ወይስ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይማር ነበር? የዩክሬን ባንዲራ ወይም የሌላ ጉዳይ ባጅ ያደረገ ተማሪ ኖሮ ምን ተባለ? ትምህርት ቤቱ ማንኛውንም ባጅ ለማንም የሚከለክል ደንብ አስቀድሞ ካለውና ለሁሉም እኩል ከሠራበት ክርክሩ ለወላጅ ይከብዳል። ደንቡ የተፈጠረው ለልጅዎ ባጅ ሲባል ከሆነ ግን ጉዳዩ ከቲንከር ታሪክ ጋር ይመሳሰላል። በኩፊያም፣ ጽሑፍ ባለበት ቲሸርትም ጥያቄው ተመሳሳይ ነው።

ሆኖም እውነተኛ የጸብ ስጋት ባለበት ቦታ ፍርድ ቤቶች ለትምህርት ቤቱ ሊያደሉ እንደሚችሉ ማወቅ ያስፈልጋል። በካሊፎርኒያ አንድ ትምህርት ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮዎች በዓል ቀን የአሜሪካ ባንዲራ ያለበት ቲሸርት የለበሱ ተማሪዎችን «ገልብጣችሁ ልበሱ ወይም ወደ ቤት ሂዱ» ብሎ ነበር። ቀደም ባለው ዓመት በዚሁ ቀን በተማሪዎች መካከል ግጭት ተነሥቶ ስለነበር የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤቱን ደገፈ። የራሷ የአሜሪካ ባንዲራ ከተከለከለች፣ የኛም ልጅ ምልክት በተመሳሳይ ሁኔታ ሊከለከል ይችላል ማለት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ማስረጃው ነው።

ትምህርት ቤቱ የሚያሸንፍባቸው ጉዳዮች

ከ1969 በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የትምህርት ቤቶችን ሥልጣን ያሰፋባቸው ሦስት የታወቁ ፍርዶች አሉ። በ1986 በተማሪዎች ስብሰባ ላይ ብልግና የተሞላ ንግግር ያደረገ ተማሪ ቅጣቱ ተገቢ ነው ተባለ። በ1988 ርዕሰ መምህሩ ከትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ላይ ጽሑፎችን ማስወጣታቸው ተፈቀደ፤ ጋዜጣው የትምህርቱ አካልና በትምህርት ቤቱ ስም የሚወጣ ስለሆነ። በ2007 ደግሞ በትምህርት ቤት ዝግጅት ላይ አደንዛዥ ዕፅን የሚያበረታታ ትልቅ ጽሑፍ የዘረጋ የአላስካ ተማሪ ተሸነፈ። ዛቻ፣ ሌላውን ተማሪ በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ማዋረድና ማሳደድም በመብት ጥላ ሥር አይገቡም። ይህ ክልከላ የኛን ልጆች «አሸባሪ» እያሉ ከሚሰድቡ ልጆችም ይጠብቃቸዋል፤ የኛን ልጆችም ሌላውን ከመስደብ ያግዳቸዋል።

ከትምህርት ሰዓት ወጥቶ ሰልፍ መውጣት (ዎክ አውት) ብዙዎችን ያደናግራል። ልጁ ክፍል ትቶ ከወጣ ትምህርት ቤቱ በመቅረቱ ሊቀጣው ይችላል። የማይችለው ግን ስለተሰለፈበት ጉዳይ ብሎ ቅጣቱን ማክበድ ነው። ያለፈቃድ የቀረ ተማሪ ዘወትር አንድ ቀን ዲቴንሽን የሚሰጠው ከሆነ፣ ለፍልስጤም የወጣው ልጅም ከዚያ በላይ ሊሰጠው አይገባም።

ስልክና ሶሻል ሚዲያ

ልጆቻችን ዛሬ የሚናገሩት በአብዛኛው በስልካቸው ነው። በፔንሲልቬኒያ አንዲት ተማሪ በ2017 እ.ኤ.አ. ለትልቁ የቺርሊደር ቡድን ሳትመረጥ ቀረች። በቅዳሜ ቀን ከትምህርት ቤት ውጭ ሆና ትምህርት ቤቱንና ቡድኑን በብልግና ቃል የምትሰድብ መልእክት ስናፕቻት ላይ ለጠፈች፤ ለአንድ ዓመት ከቡድኑ ታገደች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. በ8 ለ1 ድምፅ ቅጣቱ መብቷን ይጥሳል አለ። ልጅ ከትምህርት ቤት ውጭ ሲሆን ኃላፊነቱ በመሠረቱ የወላጅ ነው፤ ትምህርት ቤት ሃያ አራት ሰዓት ሊቆጣጠረው አይችልም የሚል ነበር አንዱ ምክንያት።

ግን ፍርድ ቤቱ በሩን ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። ከባድ ማስፈራራት፣ ሌላ ተማሪን ማሳደድ፣ በመምህራን ወይም በተማሪዎች ላይ የሚሰነዘር ዛቻ ከቤት ቢጻፍም ትምህርት ቤቱን ይመለከተዋል። ስለዚህ ለልጆቻችን በግልጽ እንንገራቸው፤ ስለ ቦምብ፣ ስለ መሣሪያ፣ ስለ መግደል ቀልድ የለም። «ቀልዴን ነው» የሚለው ቃል ፖሊስ ከመጣ በኋላ አያድንም። ስሙ ሙሐመድ ወይም አሚና የሆነ ልጅ ደግሞ ቀልዱ እንደ ቀልድ የመታየት ዕድሉ ያነሰ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ፍትሐዊ ባይሆንም እውነት ነው።

ሂጃብ፣ ሶላትና የሙስሊም ተማሪዎች ክበብ

የሃይማኖት ጉዳይ ከመናገር መብት ጋር የተያያዘ ነው። በኦክላሆማ ግዛት በማስኮጊ ከተማ በ2003 እ.ኤ.አ. አንዲት የስድስተኛ ክፍል ሙስሊም ተማሪ ሂጃብ በመልበሷ ታገደች። ትምህርት ቤቱ ያቀረበው ምክንያት ኮፍያና የጭንቅላት መሸፈኛ የሚከለክለው የአለባበስ ደንብ ነበር። ቤተሰቧ ከሰሰ፤ በ2004 የፌዴራሉ የፍትሕ ሚኒስቴር በልጅቷ በኩል ወደ ክሱ ገባ። ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ልጅቷ ሂጃቧን ለብሳ እንድትማር ተፈቀደ። በአገር ቤት በአክሱም ሙስሊም ሴት ተማሪዎች በሂጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታ የተከለከሉበትን ጉዳይ የተከታተለ አንባቢ ጥያቄው ለኛ አዲስ እንዳልሆነ ያውቃል።

ሶላትን በተመለከተ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ጸሎት ማስጸለይ እንደማይችል በ1962 እ.ኤ.አ. ተወስኗል። ይህ ማለት ተማሪው ራሱ መስገድ አይችልም ማለት አይደለም። በምሳ ሰዓት ወይም በእረፍት ሰዓት ማንንም ሳይረብሽ ዙህርን መስገድ ይችላል። ለጁሙዓ ከትምህርት ሰዓት መውጣት ግን እንደየስቴቱና እንደየዲስትሪክቱ ደንብ ስለሚለያይ አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ይበጃል።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች የሙስሊም ተማሪዎች ክበብ ማቋቋም ይችላሉ። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣውና በ1990 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጸናው ሕግ፣ ትምህርት ቤቱ እንደ ቼዝ ክበብ ያሉ ከትምህርቱ ጋር በቀጥታ የማይገናኙ ክበቦችን ከፈቀደ፣ በሃይማኖታቸው ወይም በፖለቲካ አቋማቸው ምክንያት ሌሎችን መከልከል አይችልም ይላል።

ቅጣት ሲመጣ ያለው ሥርዓት

በኦሃዮ የኮሎምበስ ከተማ ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ሙስሊሞች ይኖሩባታል። የተማሪዎች የመደመጥ መብት የተረጋገጠበት ጉዳይም የመጣው ከዚችው ከተማ ትምህርት ቤቶች ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በነበረው ሁከት ብዙ ተማሪዎች ማንም ሳይጠይቃቸው እስከ አሥር ቀን ታገዱ። ከነሱ አንዱ «እኔ በነገሩ ውስጥ የለሁበትም» ቢልም የሚሰማው አላገኘም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 በ5 ለ4 ድምፅ ትምህርት መብት ስለሆነ ያለ ሥርዓት አይነጠቅም አለ። ስለዚህ እስከ አሥር ቀን ለሚደርስ እገዳ እንኳ ተማሪው ሦስት ነገር ይገባዋል፦ የተከሰሰበት ነገር ይነገረው፤ ካስተባበለ ማስረጃው ይገለጽለት፤ የራሱን ወገን ይናገር። ለሌሎች አደጋ የሚሆን ተማሪ ወዲያውኑ ሊወጣ ይችላል፤ ግን በቶሎ ሊደመጥ ይገባል። ከአሥር ቀን ለሚበልጥ እገዳ ወይም ለማባረር ከዚህ የጠነከረ ሥርዓት ያስፈልጋል።

ሳያጣሩ አለመፍረድ በዲናችንም የታወቀ መርህ ነው። ሆኖም ሥርዓቱ ሁልጊዜ ይሠራል ብለን ራሳችንን አናታልል። በ2015 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ኧርቪንግ ከተማ የሱዳን ዝርያ ያለው የ14 ዓመት ተማሪ በቤቱ የሠራውን ሰዓት ለመምህሩ ለማሳየት ይዞ ሄደ። ቦምብ የሚመስል ነገር ይዘሃል ተብሎ እጁ በካቴና ታስሮ ወጣ፤ ለሦስት ቀንም ታገደ። ፖሊስ ክስ አልመሠረተበትም። ቤተሰቡ ትምህርት ቤቱንና ከተማውን ቢከስም ክሱ ውድቅ ሆነ። ከዚህ የምንማረው በደል ሁሉ በፍርድ ቤት እንደማይካስ ነው። ስለዚህ ትልቁ ሥራ የሚሠራው ገና በመጀመሪያዋ ቀን፣ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ነው።

ወላጅ ምን ያድርግ?

1. መጀመሪያ ልጅዎን ያድምጡ። ቁጣውን ለቤት ያቆዩት። ምን እንደሆነ፣ ማን እንደነበረ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳይረሳ በዚያው ቀን ይጻፉ።

2. አስተርጓሚ ይጠይቁ። በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍ ትምህርት ቤት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት በትውልድ አገር ምክንያት ማዳላት አይችልም፤ የቋንቋ እርዳታ ጥያቄም ከዚህ ይመነጫል። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ተናጋሪዎችንም ያገለግላል። የተከሰሰውን ልጅ ራሱን አስተርጓሚ አያድርጉ።

3. ያልገባዎትን አይፈርሙ። ፊርማው ወረቀቱን ለመቀበልዎ ብቻ ከሆነ «ተቀብያለሁ፤ አልተስማማሁም» ብለው ይጻፉበት።

4. በአክብሮት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። የተጣሰው የትኛው ደንብ ነው? ምን ረብሻ ተፈጠረ፣ ማስረጃውስ ምንድን ነው? ተመሳሳይ ነገር ያደረጉ ሌሎች ተማሪዎች ምን ተደረጉ? መልሱን በጽሑፍ ይጠይቁ።

5. የይግባኝ ቀነ ገደቡን ይወቁ። በብዙ ዲስትሪክት ጊዜው አጭር ነው። የልጅዎን መዝገብ የማየት መብትም አለዎት፤ ትምህርት ቤቱ ከጠየቁበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ማሳየት አለበት።

6. ፖሊስ ከገባበት ነገሩ ሌላ ነው። ልጅዎ በጨዋነት «ወላጄና ጠበቃ ሳይኖሩ መናገር አልፈልግም» እንዲል አስቀድመው ያስተምሩት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ፖሊስ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጅን ሲጠይቅ የልጁ ዕድሜ ግምት ውስጥ መግባት አለበት ብሏል። ቢሆንም ልጁ ራሱ ካልጠየቀ የሚያስታውስለት ላይኖር ይችላል።

7. ጉዳዩ ከባድ ከሆነ እንደ ኬር (የአሜሪካ ኢስላማዊ ግንኙነት ምክር ቤት) ወይም ኤሲኤልዩ ያሉ የመብት ድርጅቶችን ያማክሩ። በዘር ወይም በትውልድ አገር ምክንያት የደረሰ አድልዎ ከሆነ ለትምህርት ሚኒስቴሩ የሲቪል መብቶች ቢሮ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ በመደበኛነት ጊዜው 180 ቀን ነው።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ ነው። ስቴቶች የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው ጉዳይ ሲገጥምዎ የሕግ ባለሙያ ያነጋግሩ።

ልጆቻችን አማና ናቸው። መብታቸውን የሚያውቅ ልጅ ባለጌ ይሆናል ብለን አንፍራ። በ1965 ጥቁር ጨርቅ ያሰሩት ተማሪዎች አልጮኹም፣ አልሰደቡም፣ ክፍል አልረበሹም። በፍርድ ቤት ያስረታቸውም ይኸው እርጋታቸው ነው። አደብና ድፍረት አብረው ይሄዳሉ፤ ልጆቻችንን ሁለቱንም እናስተምራቸው። ነገ ስልኩ ሲጠራ ደግሞ ወረቀቱን ከመፈረማችን በፊት ልጃችን አጠገብ ቁጭ ብለን «ምን ሆንክ ልጄ?» እንበል።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።